አባቴ «ኮላፕስ» አላደረጉም

ቃሉን ወደ ቤታችን ያመጣው ወንድሜ ነው። አባታችን በፍልሰታ ጾም፣ ማኅሌት ላይ እንደ ቆሙ ወደቁ። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ኮላፕስ አድርገዋል፤ በደንብ ይብሉ፣ ይረፉ» አለ። ወንድሜ ምግቡንና ዕረፍቱን ትቶ ቃሉን ብቻ ይዞ መጣ። ለጎረቤቱም ለጠያቂውም «ኮላፕስ አደረጉ» ይላል፤ ሰዉ ትርጉሙን ሳያውቅ ከንፈሩን ይመጥጣል። በማግስቱ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወዳለው ቤቱ በአውቶቡስ ሊወስዳቸው ተነሣ። «ድጓው ይብቃቸው፤ ተማሪዎቹም ሌላ የኔታ ይፈልጉ» አለ።

ደሜ ፈላ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያናቸው ከተለዩ አንድ ክረምት እንደማይሻገሩ አውቃለሁ። ደግሞ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው በማያውቀው ቃል ሲፈረድበት አልወድም። ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ቤት ሲደረመስ፣ ገበያ ባንዴ ሲወድቅ፣ ሰው አቅም ከድቶት ሲዘረር፣ ለሁሉም ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ። ምንጩ ላቲን ነው፤ «አብሮ» እና «መንሸራተት» ከሚሉ ቃላት የተገጠመ።

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነገርኳቸው። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተ ልሔም ሲማሩ የሸበቱ ሰው ናቸው፤ ቃል ከነዘሩ ካልቀረበላቸው አይዋጥላቸውም።

«አብሮ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባ፣ ተያይዞ መውደቅ እንደ ማለት ነው።»

ቀና አሉ። «ታዲያ ማን አብሮኝ ወደቀ? እኔን ተሸክመው ሲያወጡኝ የግራው ወገን ዜማውን ተቀብሎ ቀጥሏል። እየሰማሁ ነው የወጣሁት። አንዲት አላጎደሉም፤ ያስተማርኋቸው እኔ ነኛ!»

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «የቃል ፍቺ ጉልበት አይሆንም» አለ።

ይህንስ እውነቱን ነው። «ጉልበት የሚሆነውማ ምግብ ነው» አልኩት። «ሐኪሙ ይብሉ አለ እንጂ ይሰደዱ አላለም።»

አባቴ ክርክራችን እስኪያልቅ አልጠበቁም። «ገንፎ በተልባ አምጪልኝ» አሉ። «አውቶቡሱም እኔን አይጠብቅ።»

ለዘመን መለወጫ ማኅሌት ከቦታቸው ቆሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ከሴቶቹ ወገን ሆኜ አየሁ። ወንድሜ ሊደግፋቸው ሲራመድ በዓይኔ ገታሁት። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ቢሆንም የሚወድቁ ከሆነ እዚሁ፣ ዜማው መሐል ይውደቁ።