ከጋሼ መብራህቱ ጎን

መኪና የሚባለውን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ አልወደድኩትም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ ሲወጣ፣ ያኔ አራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ ስሠራ ደንበኞቼ የሚያሰፉኝ ነጭ ልብስ ነበር። በሬ ላይ የሰቀልኩት ነጭ እጀ ጠባብ አንድ መኪና ካለፈ በኋላ አፈር መስሎ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ስለ ሾፌር ደግ ቃል የሚወጣኝ ሰው አይደለሁም። ስለ ጋሼ መብራህቱ ግን ዝም ብል ይከነክነኛል።

ጋሼ መብራህቱ የሐማሴን ሰው ናቸው። መንዳት አስመራ ተምረው አዲስ አበባ ሲገቡ ዘመድ አልነበራቸውም፤ አሥር ዓመት ኖረውም አላፈሩም። ሚስት አላገቡም። አፍንጮ በር አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። ከእኔ ቤት አጠገብ ሱቅ ለነበረው አርመን ነጋዴ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ ጨርቅና ላምባ ወደ ደሴ ያደርሳሉ፣ ቆዳና ማር ጭነው ይመለሳሉ። ንግግራቸው ትንሽ፣ ቁጣቸው ብዙ ነው። እንደምን አደሩ ስላቸው አንዳንድ ቀን ይመልሱልኛል፣ አንዳንድ ቀን ጎንበስ ብለው ጎማቸውን ያያሉ።

እኒህ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የነበራቸው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ረዳታቸው እንድሪስ። የወሎ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው። ረዳት ስላችሁ የዛሬውን በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸውን አታስቡ። በዚያን ጊዜ መኪናው ዳገት ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚወትፈው፣ ሞተር ሲጠፋ ከፊት ቆሞ በብረት እጀታ አዙሮ የሚያስነሣው፣ ከወንዝ ውሃ የሚቀዳው፣ ሾፌሩን እንቅልፍ እንዳይጥለው ሲያንጎራጉር የሚውለው ረዳቱ ነው። እንድሪስ የሚያንጎራጉረው መንዙማ ነበር። ጋሼ መብራህቱ ማርያምን የሚሉ ክርስቲያን ሆነው መንዙማውን በቃላቸው ይዘውት ነበር ይባላል።

አንዱ ክርስቲያን አንዱ እስላም ስለሆኑ ሥጋ አብረው መብላት አይችሉም። ጋሼ መብራህቱ ለዚህ መላ አበጁለት፤ መንገድ ላይ ጾምም ይሁን ፍስክ ሽሮና ቆሎ ብቻ። ልጁ ለብቻው እንዳይበላ ብለው ሰባት ዓመት ሙሉ ፋሲካን እንኳ መንገድ ላይ ሲውሉ በሽሮ ፈሰኩ። እንዲህ የሚሳሱለትን ልጅ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መሪ አላስነኩትም። «ቆይ፣ ገና ነህ» ይሉታል።

እንድሪስም ቆየ። እያየ ተማረ። በ1926 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ግሪክ ነጋዴ አዲስ መኪና አስመጣና መሪውን ለእሱ ሰጠው። ሊሰናበታቸው ሲመጣ እኔ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክል ነበር።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አላቸው።

እሳቸው ጎማ እያዩ ነበር። ማየታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ አርመኑ ሦስት ረዳት አመጣላቸው፤ ሦስቱንም አባረሩ። አንደኛው ያፏጫል፣ ሁለተኛው እንቅልፋም ነው፣ የሦስተኛውን ጥፋት እሱ ራሱም እስከ ዛሬ አያውቀውም። በመጨረሻ ብቻቸውን መንዳት ጀመሩ። አንድ ቁራጭ ግንድ በሰንሰለት አሥረው ከኋላ ጎማ ጀርባ ያስጎትቱ ነበር፤ መኪናው ወደ ኋላ ካለ ጎማው ግንዱ ላይ ወጥቶ ይቆማል። አራዳ ሳቀባቸው። «ጋሼ መብራህቱ ይኸኛው እንዳይሄድባቸው በሰንሰለት አሠሩት» ተባለ። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ጥር ላይ ነጋዴዎቹ የማን መኪና ይበረታል ተባብለው ውድድር አወጡ። ከጊዮርጊስ አደባባይ ተነሥቶ ደሴ መድረስ፣ እዚያ ስልክ ቤት ማኅተም አስመትቶ መመለስ። ጀምበር ስትጠልቅ ሁሉም ያለበት ቦታ ያድራል። አራት መኪና ተሰለፈ። ሦስቱ ሁለት ሁለት ሰው ይዘዋል፤ ጋሼ መብራህቱ ብቻቸውን ናቸው።

ሊነሡ ሲሉ ወርደው ወደ እንድሪስ መኪና ሄዱ። ከተለያዩ ሦስት ወር አልፏል፤ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«ካሸነፍኩህ ወደ ጎኔ ትመለሳለህ» አሉት።

«ካሸነፍኩዎትስ ጋሼ?»

«ሁለተኛ አልጠይቅህም።»

እንድሪስ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ቃሌ ነው» አለ። ይሄ ጅል፣ አልኩ በልቤ። አሁን ሳስበው እሱንም ናፍቀውት ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰውነታቸው ኮስሶ ኮት ሊያስጠብቡ መጥተው።

«የዚያን ሞተር ድምፅ ለካ ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ። «እሱ ሲያንጎራጉር ነዋ የኖረው። ያን ቀን ጩኸቱ ራሴን ሊያፈነዳው ደረሰ።» የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ከጥላ ሥር ቆመው ቆሎውን ሁለት ቦታ ከፈሉት። ከዚያ አዩትና መልሰው አንድ ላይ ከተቱት፤ ሳይበሉም ተነሡ። ሞተሩ ሲጠፋባቸው ወርደው ታኮ ያስገባሉ፣ ከፊት ዞረው ያስነሣሉ፣ እንዳይጠፋ እየሮጡ ተመልሰው ይወጣሉ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ማታ ድንኳናቸውን ተክለው ሲተኙ በትግርኛ ብቻቸውን ያወሩ ነበር፤ ምን እንዳሉ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም።

ሌሎቹ ሁለት መኪናዎች ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ተሰብረው ቀሩ። ደሴ ማኅተም አስመትተው ሲመለሱ ጋሼ መብራህቱ ይመሩ ነበር፤ እንድሪስ ከኋላቸው ነው። ልባቸው ሞቀ። እዚያው ደሴ መንገድ ላይ ያለችውን ካራ ቆሬን እንዳለፉ ግን ሁለት ገበሬዎች መንገዱ መሀል ቆመው ጠበቋቸው፤ የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጋር ተቋጥሯል።

«በሕግ አምላክ!» አለ አጭሩ። «በሕግ አምላክ ጌታዬ፣ ይፍረዱን!»

በዚያ ዘመን የተካሰሰ ሰው ነጠላውን ከባላጋራው ጋር ቋጥሮ፣ መንገደኛ አስቁሞ ፍረደኝ ይላል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ መኳንንትም ይሁን ነጋዴ፣ ቆሞ ይሰማል። ጥሎ የሚሄድ ከሰው አይቆጠርም። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ወርዶ የሚፈርደው እንድሪስ ነበር፤ ጋሼ መብራህቱ መሪያቸውን አይለቁም። ያን ቀን ግን የሚልኩት ሰው የለም። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ከግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔም አንድ በሬ፣ እሱም አንድ በሬ ነበረን» አለ አጭሩ። «ስድስት ዓመት ተቀናጅተን አርሰናል። ዘንድሮ እሱ ሁለተኛ በሬ አገኘና በልግ ሲደርስ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። የኔ በሬ ብቻውን ምን ሊያርስ ነው ጌታዬ?»

ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «አልጠላሁትም» አለ። «ጥንድ በሬ አለኝ። የራሴን ማሳ በራሴ ጥንድ ልረስ ነው ያልኩ። ይሄ ወንጀል ነው?»

ጋሼ መብራህቱ ለአጭሩ ሊፈርዱ ፈልገው ነበር፤ ይህን ሳይደብቁ ነገሩኝ። ሲቀናጁ የቆረጡት ጊዜ እንዳለ ጠየቁ፤ የለም። ረጅሙ ያጎደለበት ቀን እንዳለ ጠየቁ። አጭሩ አሰበና «ኧረ አንድም ቀን» አለ። ሌላ የሚጠይቁት ጠፋባቸው። ይህን ሲያወጡና ሲያወርዱ የመኪና ድምፅ ተሰማ። እንድሪስ ነበር። ሰዎቹ ዳኛ ስለያዙ አላስቆሙትም፤ አልፏቸው ሄደ።

«ሲነዳ አይቼው አላውቅም ነበር» አሉኝ። «ያንን የተቦረቦረ መታጠፊያ ማርሽ ሳያንቋቋ አለፈው። ከኔ ይሻል ነበር ልበልህ?»

«እውነት ነው?» አልኳቸው።

«ዝም ብለህ ስፋ» አሉኝ።

ፈረዱ። ጥንድ ያለውን ሰው በግድ ማቀናጀት አይቻልም፣ ይሂድ አሉ። ረጅሙ እጅ ነሣ፤ አጭሩም ለፍርዱ እጅ ነሣ። ከዚያ ቀና ብሎ «እሺ፣ እኔስ ጌታዬ?» አላቸው። ጋሼ መብራህቱ ከድንጋዩ ተነሡ። ሞተራቸውን አስነሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ሲወጡ እንድሪስን አገኙት። ውሃው ፈልቶበት ዳገቱ መሀል ቆሟል፤ ረዳቱ ወደ ምንጭ ወርዷል። ጋሼ መብራህቱ በአጠገቡ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ሞተራቸው ጠፋ። መኪናው ወደ ኋላ አለ። ግንዱ ያዘው፤ ወዲያው ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ፍሬን ቢረግጡ አልያዘም። በስተግራ ገደል ነው። ዘልዬ ልውረድ ሲሉ መኪናው ገጭ ብሎ ቆመ።

እንድሪስ ነበር። ትልቅ ድንጋይ ታቅፎ ሮጦ ከጎማው ሥር ወትፎታል። ከፊት ዞረና ሞተሩን አስነሣላቸው።

«ይንዱ ጋሼ! እንዳይቆሙ!» አለ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ዳገት ላይ የሚላቸው ነው።

ነዱ። «ዳገቱ ላይ ብቆም መኪናው ዳግም አይነሣልኝም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ጨመሩ። «ጫፉ ሜዳ ነው። እዚያ መቆም እችል ነበር። ማሸነፍ ፈልጌ አልቆምኩም።»

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አራዳ ገቡ። እልልታው ለጉድ ነው። አርመኑ አቅፎ ሳማቸው። እኔ ራሴ መርፌዬን ጥዬ ወጥቼ አጨብጭቤያለሁ። እሳቸው ከመኪናው አልወረዱም፤ እንድሪስ በሰላም መግባቱን እስኪያዩ እስከ ከሰዓት እዚያው ተቀመጡ። ሲገባ አይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በነጋው ጠዋት እንድሪስ ጓዙን በትከሻው አንግቦ መጣ። ማንም ሳያዘው የመኪናውን በር ከፍቶ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። የአራዳ ሥራ ፈት ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ቃሌ ነው ጋሼ። እንሂድ» አላቸው። ፊቱ ግን የሚሄድ ሰው ፊት አልነበረም።

ጋሼ መብራህቱ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ለዚህ ወንበር አይደል አምስት ቀን የተሰቃዩት?

«ውረድ» አሉት።

«ጋሼ...»

«ውረድ ወደይ።» ወደይ በአገራቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። «ካራ ቆሬ ላይ ፈርጄልሃለሁ። መንዳት ታውቃለህ፣ አየሁህ። መሪህን እንዳትለቅ።»

ጓዙን ራሳቸው አንሥተው አስያዙት። እንድሪስ ጉልበታቸውን ስሞ እያለቀሰ መንገዱን ተሻገረ። እኔ የካራ ቆሬውን ነገር ስለማላውቅ ትዕቢት መሰለኝና ተናደድኩባቸው። እሳቸው ሞተሩን ከፊት አዙረው አስነሡ፣ ሮጠው ዞሩ፣ ወጡ፣ ሄዱ። ጡረታ እስኪወጡ ረዳት አልያዙም።

ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ኮቱን ለብሰው ቆመዋል፤ እኔ ተንበርክኬ ጎኑን በመርፌ እይዛለሁ።

«ታዲያ አልቆጨዎትም?» አልኳቸው።

«ፍርዱ ልክ ነው» አሉ።

«ስለ ፍርዱ አልጠየቅሁዎትም።»

ኮቱን ከጀርባቸው ላይ ሳወልቅ ነው የመለሱልኝ።

«እንዴት አይቆጨኝ!» አሉ። «በየዳገቱ ይቆጨኛል።»