ክር የማይቆርጥ ቀዳዳ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳላስ አጠገብ ያለችው ጋርላንድ ድረስ እየነዳሁ፣ የህዳሴ ዘመን አውሮፓውያንን ልብስ አሰፋፍ ከአንዲት ቴክሳሳዊት አሮጊት፣ ጋራዣቸው ውስጥ፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እማር ነበር። ዳላስ ውስጥ ልብስ እያሳጠርኩና እያጠበብኩ የምኖር ሰፊ ስለነበርኩ የሚያቅተኝ አልመሰለኝም።

የመጀመሪያው ቀን፣ የቀሚሱ ደረት ማሰሪያ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በመቀስ ጫፍ በሳስቼ ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። መምህሬ ጨርቁን ተቀብለው ሳብ ቢያደርጉት ቀዳዳው ተተረተረ።

«ክሩን እኮ ቆረጥሽው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ሳይቆርጡ መብሳት ደግሞ አለ እንዴ?

አለ። ከመሳቢያቸው ሹል ብረት አውጥተው ጨርቁ ላይ ቀስ እያሉ አሽከረከሩት። አንድም ክር ሳይበጠስ ሁሉም ወዲያና ወዲህ ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁለት። ከዚያ የቀዳዳውን ዙሪያ በእጃቸው ዘመዘሙት፤ ያንን የመሰለ እጅ አይቼ አላውቅም። ባለ በሌለ ኃይሌ ብጎትተው ንቅንቅ አላለም። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ብረቱን ተቀብዬ ሳገላብጠው ግን ሳቄ መጣ።

«ይኼማ ወስፌ ነው! እናቴ ሰፌድ ስትሰፋበት ነው ያደግኩት» አልኳቸው።

መምህሬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ታዲያ መቀሱን ማን አስተማረሽ?»