ትርንጎ ሞላ

ልጄ ሰሞኑን ቤታችንን ሥራ አስፈትታዋለች። ሥዕሎቿን የምትለጥፍበት ገጽ ልትከፍት ነው፤ ለገጹ የሚሆን ስም ግን ጠፋ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለፈተና ያልተጨነቀችውን ለዚህ ስም ተጨነቀች። ዛሬ ጠዋት ገንፎዋ ፊቷ እየቀዘቀዘ «ቀለሟ» ብላ ሞከረች፤ ስልኩ ተይዟል አላት። «ቀለሟ ጎንደር» አለች፤ እሱም ተይዟል። አባቷ ከመኝታ ቤት ሆኖ «ቀለም ቀቢዋ በይው፣ ማንም አይሻማሽም» አላት። ታናሽ ወንድሟ ያቀረበውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ በማንኪያ ተመቶበታል።

መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞረች። «እማዬ፣ ያንቺ ኢሜይል ግን ለምን እንደዚያ ረዘመ? ሰው ጽፎ እስኪጨርሰው ይደክመዋል እኮ! ማን ነው ያወጣልሽ?»

«እኔና አያትሽ ነን።»

«አባባ? አባባ ኢሜይል ያውቃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። አባባ ኢሜይል አያውቅም። እስከ ዛሬም ስልክ የሚያነሳው ለመስማት ሳይሆን ለመጮህ ነው። ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት፤ ስጨርስ ለሥራ ረፍዶብኝ ነበር። ይርፈድ! ለእናንተም እንዳወራሁላት አወራላችኋለሁ።

እኔ ትርንጎ ክንዴ ነኝ። ክንዴ የሞተው ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ መልኩን የማውቀው በአንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ድብ ባሕር መምህር ነበር። እናቴ ከሱ በኋላ ጎንደር ገብታ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠረች። አራት ዓመት ሲሆነኝ ደግሞ አያ ሞላ እናቴን አግብተው ቤታችን ገቡ። የጭነት ማኪና ሹፌር ናቸው፤ የአይከል ሰው። ወጡ ሸጋ፣ አየሩ ሸጋ፣ የተጠገነው ጎማ ሸጋ! ለሳቸው ያላማረ ነገር የለም።

ወንድሜ ሲወለድ ስሙን ሀብቱ አሉት። እህቴ ስትከተል ደስታ አሏት። ሀብቱ ሞላ፣ ደስታ ሞላ። አያችሁት አይደል? ስም ሲያወጡ ከራሳቸው ስም ጋር ገጥሞ ነገር እንዲናገር አድርገው ነው። ይህ ደግሞ የሳቸው ኩራት ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቹን ግራና ቀኝ አቁመው፣ «ይኸው፣ ሀብቱም ሞላ፣ ደስታም ሞላ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ!» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እኔ ብርጭቆ እያቀረብኩ በሆዴ ስሜን እገጥመዋለሁ። ትርንጎ ክንዴ። ምንም አይወጣውም! «ምን ቀረኝ» ሲሉ እኔ ከሞላው ወገን ነኝ ወይስ ከቀረው? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት እንደተሸከምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ጠልቼ እገላገል ነበር። ግን ምን ያደርጋል! በመተማ መንገድ ሲመለሱ ጥንቅሽ ይዘው ይመጣሉ፤ ሦስት ቦታ ይከፍሉትና ወፍራሙን፣ ጣፋጩን፣ ከሥሩ በኩል ያለውን ለኔ ይሰጡኛል። ሀብቱ ቢያለቅስ አይሰሙትም። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚመጡት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ዘይት የነካውን ሱሪ ቀይረው። ታናናሾቼ «አባዬ» ይሏቸዋል፤ «አንተ» ይሏቸዋል፤ ጀርባቸው ላይ ይወጣሉ። እኔ ግን «አያ ሞላ» እላለሁ፤ «እርስዎ» እላለሁ። እንደዚያ በይ ያለኝ ሰው የለም። አባዬ የሚለው ቃል አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። በአራት ዓመት ያልተባለ ነገር በአሥራ ስድስት ዓመት ከየት ይጀመራል? ሁሉም ዞር ብሎ ያየኛል ብዬ አፍር ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና በወሰድኩበት ክረምት ፒያሳ አካባቢ ለሴት ልጆች ነጻ የኮምፒውተር ትምህርት ተከፈተ። ሃያ ልጆች ነን፤ ኮምፒውተሩ ስምንት ነው። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሦስት ሆነን፣ ግማሽ መቀመጫችን አየር ላይ ሆኖ ነው የተማርነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህራችን የሚናገረው አይሰማም፤ ሲያባራ ደግሞ መብራት ይሄዳል። በመጨረሻው ሳምንት፣ «ዛሬ ሁላችሁም ኢሜይል ትከፍታላችሁ። ስማችሁ ከተያዘባችሁ ፈጠራ ተጠቀሙ» አለን።

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ የልደት ካርድ አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም።»

«ቀበሌም አያረጋግጥም?»

«ምን ነካሽ፣ ልጅቷ? የፈለግሽውን ስም ነው የምትጽፊው!»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በማን መጠራት ትፈልጊያለሽ የሚል ነገር ፊቴ ተቀመጠ። መጀመሪያ «ትርንጎ» ብዬ ጻፍኩ፤ ተይዟል አለ። እንግዲህ ዓለም ላይ ሌላ ትርንጎም አለች! አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ቁጥር ጨምሪበት» ትለኛለች፤ እኔ ግን ጣቶቼ ቀድመውኝ ሄደዋል። ትርንጎ ሞላ። በላቲን ፊደል፣ አጣብቄ። ከዚያ ለራሴ በአማርኛ አነበብኩትና ደነገጥኩ። ገጠመ! ቅርጫቱ ሙሉ ትርንጎ፣ ጓሮው ሙሉ ትርንጎ። ልጅቷ «የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ መሰልሽ እኮ!» ብላ ተንከተከተች። ትሳቅ። ኮምፒውተሩ ተቀብሎኛል።

ስሙን በደብተር ወረቀት ላይ በሁለቱም ፊደል አሳምሬ ገለበጥኩት። ሐሳቤ እሑድ ከምሳ በኋላ ለአያ ሞላ ሰጥቼ ለመሮጥ ነበር። በአፌ ያቃተኝን በወረቀት ልነግራቸው ነዋ! ሀብቱ ግን ከኪሴ መንትፎ ምሳ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ትርንጎ ሞላ!» ደስታ አጨበጨበች፤ «እንደኛ! እንደኛ!»

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «ክንዴስ?» አለች። «ክንዴን የት ጣልሽው?»

«እማዬ፣ ኢሜይል ነው እኮ! እውነተኛ ስም አይደለም።»

ከአፌ ሲወጣ ነው የታወቀኝ። አያ ሞላ ወረቀቱን ከሀብቱ ተቀብለው እያዩት ነበር፤ ቀስ ብለው ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

«ያ ሰው ካንቺ ሌላ ልጅ የለውም» አለች እናቴ። «ካርድ ክፍል ቀኑን ሙሉ ስም ስፈልግ የምውለው እኔ ነኝ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አንዱ ከተዛነፈ ሰውየው በር ላይ ቆሞ እያየሁት የለም እላለሁ። ክንዴን ዛሬ የሚጠራው ያንቺ ስም ብቻ ነው፣ ታውቂያለሽ?»

አያ ሞላ እጃቸውን ታጠቡ። «እስቲ ማኪናዋን ልያት» ብለው ወጡ። እሳቸው ምሳ ጀምረው ሲተዉ አይቼ አላውቅም። አንዱን ጣልኩ፣ ሌላውን አስቀየምኩ፤ ወረቀቱን ቀዳድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ቅዳሜ አያ ሞላ፣ «ነይ፣ ድብ ባሕር ዕቃ አደርሳለሁ፤ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ለሦስት ሳምንት ዓይናቸውን ሸሽቼ ነበር የከረምኩት። ሄድን። አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ ያወራነው ስለ ጭቃ ነው። ገብሱ ገና ዛላውን ዘንበል ማድረጉ ነበር፤ በረዶ ያገኘው ማሳ ተኝቷል፤ በየመንገዱ ዳር ሴቶች የባቄላ እሸት በእቅፍ ይዘው ማኪና ሲመጣ ከፍ ያደርጋሉ። በተከፈተው መስኮት የእርጥብ አፈር ሽታ ይገባል። ደባትን እንዳለፍን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትርንጎ፣ እኔ ተቀይሜሽ አይደለም። ሸጋ ስም ነው፤ ልቤ ሞቆታል። ግን አልወስደውም።»

«ምነው?» አልኩ።

«ክንዴ ቢኖር እኔ እናንተ ቤት አልገባም ነበር። ሚስቱን አገኘሁ፣ ልጁን አገኘሁ፤ ስሙንም ልጨምርበት? የኔን ሀብቱና ደስታ ይዘውታል። የሱን የያዝሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እናትሽ እውነቷን ነው።»

ትክክል እንደሆኑ ገባኝ፤ ገብቶኝም ዕንባዬ መጣ። «እኔስ?» አልኩ። «ሀብቱም ሞላ፣ ደስታም ሞላ፣ ምን ቀረኝ ይላሉ ሁልጊዜ። እኔ አለሁ አይደል እንዴ! እኔስ ከየትኛው ነኝ?»

ማኪናዋ ወደ ጥግ ወጥታ ቆመች። አያ ሞላ ሞተሩን አጥፍተው ወደኔ ዞሩ። «ይህን ሁሉ ዓመት?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ይዘሽ ነው?» ወርደው ከአንዲት ሴት አንድ እቅፍ እሸት ገዙና ከማኪናዋ በር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ወረድኩ። አብረን ባቄላ ፈለፈልን፤ ለጋ ነው፣ ውሃ ያዘለ።

ምን ቆርጦኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ከቦርሳዬ ደብተር አወጣሁና ሦስቱን ስሞች በትልልቁ ጻፍኩ። «ይኸው፣ ሁለታችሁም ግቡ!» አልኳቸው በንዴት።

አያ ሞላ ፊደል የቆጠሩት ካደጉ በኋላ ነው፤ በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚያነቡት። «ትርንጎ… ክንዴ… ሞላ።» ሳቅ ፈነዳባቸው። «አይ ልጅ! የክንዴ አባት አደረግሽኝ እኮ! ለእናትሽ አማቷ ልሆንላት ነው!» እውነትም! ሦስተኛ ስም የአያት ነው፤ በንዴቴ ዘንግቼዋለሁ። የራሳቸውን ሚስት ምራታቸው አደረግሁባቸው። እኔም በዕንባዬ መሐል ሳቅሁ፤ እሸት የሸጠችልን ሴት ጤነኞች መሆናችንን ተጠራጥራ ራቅ አለች።

ከዚያ እንደገና አነበቡት። አሁን አልሳቁም። «ቆይ እስቲ» አሉ። «ትርንጎ ክንዴ ሞላ… ትርንጎ፣ ክንዴን፣ ሞላ።» ግራ ክንዳቸውን ዘርግተው አዩት፤ ባዕድ ነገር ይመስል። «እናንተ ቤት የመጣሁ ዕለት ተኝተሽ ነበር። እናትሽ ፍራሽ እስክታነጥፍ እስቲ ያዝልኝ ብላ ሰጠችኝ። ከዚህ እስከዚህ ነበርሽ፤ ራስሽ ትከሻዬ ላይ፣ እግርሽ ክርኔን አልፎ። አላስነሳትም ብዬ እጄ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። እኔ ልጅ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ በሀብቱ አይደለም። ምን ቀረኝ የምለው አንቺን አስቀድሜ ቆጥሬ ነው፣ አንቺ ሞኝ!»

የዘረጉትን ክንድ አጥፈው አቀረቀሩ። ጭናቸው ላይ ያለው እሸት ወደ መሬት መንሸራተት ጀመረ።

«አባዬ» አልኩ፣ «ባቄላው እየፈሰሰብህ ነው።»

እየፈሰሰብህ። ጆሮዬ ራሱ ሰማው። እሱም ሰምቷል፤ አንገቱ ሲቀላ አይቻለሁ። ግን ቀና አላለም። «ይፍሰስ» አለ አባዬ። «ይፍሰስ፣ የኔ ልጅ።»

ማታ ቤት ስንመለስ እናቴ ወረቀቱን ያነበበችው እንደ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። «ቅደም ተከተሉ ተዛንፏል» አለች። አባዬ ክንዱን ዘርግቶ እንዴት እንደሚነበብ ሲያሳያት ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ክንዴ አለበት» አለች፤ «ክንዴ ካለበት እኔ ቅር አይለኝም።» በማግሥቱ ፒያሳ ሄጄ በሦስቱም ስም አዲስ ኢሜይል ከፈትኩ። ማንም አልያዘውም ነበር። እንዴትስ ይያዛል!

ልጄ ይህን ሁሉ ስትሰማ ገንፎዋ ድንጋይ ሆኗል። ስልኩን ገለበጠችና፣ «እኔ ዛሬ ስም አልመርጥም» አለች። «መጀመሪያ አባባ ጋ ሄጄ አስባለሁ።» ጥሩ አሰበች። ስም የሚጠፋን ሌላው ስለቀደመን ብቻ አይመስለኝም፤ ከኛ ጋር ማን ማን እንደሚገባበት ሳንወስን ስለምንቸኩል ነው።

«ግን እማዬ» አለች ቦርሳዋን እያነገተች፣ «ቅጽ ሲያስሞሉሽ ግራ አይጋቡም?»

ይጋባሉ እንጂ! ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ላወጣ ሄጄ፣ መዝጋቢው ወጣት ኢሜይሌንና ሰነዴን እያስተያየ «ሞላ አያትዎ ናቸው?» አለኝ።

«አባቴ ነው።»

«ክንዴስ?»

«እሱም አባቴ ነው።»

ልጁ ጭንቅላቱን አከከ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሲስተሙ ሁለት አባት አይቀበልም።»

አልተቆጣሁትም። ሲስተሙንም አልፈረድኩበትም፤ እኔ ራሴ ለመቀበል አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።