ጭሮ ደርሶ አሰበ ተፈሪ ያልደረሰው ባስ

አባቴ ልጄ ባስ እየሠራች ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «ቀላል ባስ» ያልኩት እኔ ነኝ። በሙያችን ስሙ እንደዚያው ነው፤ ሌላ አላገኘሁለትም። እሱ ደግሞ ጉልበቱ እስኪደክም ድረስ ከመሰላ ጭሮ የሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት ስለነበር፣ ባስ ሲባል ጆሮው ይቆማል።

«ቀላል ከሆነ ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ።

ቀላል ስል ክብደቱን እንጂ ሥራውን ማለቴ አልነበረም። ግን እንዴት ብዬ ላስረዳው? ጎማም ሽቦም የለውም፤ ኮምፒውተሩን ከሚያስተዳድረው ፕሮግራም እምብርት ውስጥ የሚኖር የሐሳብ ባስ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ አንድ ካርድ ብዙ ሥራ ሲኖረው ሥራው በክፍል በክፍል ይለያል። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ድራይቨር እንለዋለን። የባሱ ሥራ የክፍሉንና የድራይቨሩን ስም አይቶ ማገናኘት ነው። ስሙ ከገጠመ ሥራ ይጀመራል፤ በቃ።

«መኪና አለ፣ ሹፌር አለ፣ ስም እያየ የሚያገናኝ አለ። የኛው መናኸሪያ ነው እኮ» አለ አባቴ። በስንት ገጽ ጽፌ ያልተዋጣልኝን እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲጨርሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተናደድኩ።

ንዴቴ ያለምክንያት አልነበረም። የቀጠረኝ ድርጅት ለሙከራ ሦስት ወር ከቤቴ ሆኜ እንድሠራ ፈቅዶልኛል። ባሱ ተቀባይነት ካገኘ ጭሮ እቀራለሁ፤ ካላገኘ አዲስ አበባ ሄጄ ቢሮ እገባለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነን። ስኳር አለበት፤ መድኃኒቱን እኔ ካላስታወስኩት ይረሳዋል፣ ሲረሳ ደግሞ የወሰደ ይመስለዋል። እሱን ጥዬ መሄድ አልችልም።

ባሱን ስሞክር ለክፍሎቹ የአካባቢያችንን ከተሞች ስም ሰጠኋቸው። ቦርደዴ ድራይቨሩን ወዲያው አገኘ። መሰላም አገኘ። ሦስተኛው፣ የራሴ ከተማ፣ ዝም አለ። ስህተት አለ ቢለኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ክፍሉ ተመዝግቧል፤ ድራይቨሩም ተመዝግቧል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም።

አራት ቀን ሙሉ ግራ ገባኝ። የኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ አያያዝ ነው ብዬ እሱን ፈታሁ። ቅደም ተከተሉ ይሆናል ብዬ ገለበጥኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የት እንደደረስኩ ይጠፋኝና ያፈረስኩትን መልሼ እሠራለሁ። አንዳንዴ ባሱ ምን እንደሚሠራ ራሱ ይምታታብኝ ጀመር። በመስኮቱ ስር ባጃጆቹ ሲጯጯሁ እነሱም ላይ እቆጣለሁ፤ ምን አደረጉኝ?

በአምስተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ አባቴ አጠገቤ ወንበር ሳበ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ይኼኛው ክፍል ስሜ ጭሮ ነው ይላል። ይኼኛው ድራይቨር ደግሞ አሰበ ተፈሪን ነው የምጠብቀው ይላል።»

«ታዲያ ተገናኙ እኮ! ምን ቀረ?»

«እኔስ እሱን መቼ አጣሁት አባ! ግን አይገናኙም።»

ሁለታችንም ስክሪኑን አፍጥጠን አየን። ወላሂ፣ ሁለታችንም ምንም አልታየንም። የልደት ወረቀቴ አሰበ ተፈሪ ይላል፣ መታወቂያዬ ጭሮ ይላል፤ እጄ እንዳመጣለት ነው የጻፍኩት። ለኛ አፍ አንድ ከተማ ነው።

አባቴ ግን የራሱን ትዝታ ቀጠለ። «መሰላ ላይ ጭሮ ብቻ ብዬ ስጣራ የመንግሥት ሠራተኞቹ አይነሱም። አሰበ ተፈሪ ብቻ ስል ደግሞ የገጠሯ እናት ቅርጫቷን እንደታቀፈች መኪናው ጥሏት ይሄዳል። ምንም አትልም እኮ፤ ሌላ አገር የሚሄድ ይመስላታል። ኋላ ሁለቱንም መጥራት ለመድኩ።»

ዘልዬ ተነሳሁና ግንባሩን ሳምኩት። እሱ ምን እንዳደረገ አልገባውም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ፊደል ብቻ ነው፤ ፊደሉ ካልገጠመ ዝም ብሎ ያልፋል። ስሙን አስተካክዬ ብቻ መተው እችል ነበር። ነገር ግን የአባቴ ወሬ ስለገባኝ፣ እያንዳንዱ ድራይቨር የሚታወቅባቸውን ስሞች ሁሉ በዝርዝር እንዲይዝ አደረግኩ። በማናቸውም ቢጠራ ይነሳል። ኮርቼ ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት የአለቃዬ መልስ መጣ። «ዝርዝሩ ባሱን ያከብደዋል። አንድ ድራይቨር፣ አንድ ስም። አንዱን ምረጪና ከምሳ በፊት ላኪ፤ ከዚያ ጨርሰናል።»

እልህ ያዘኝ። መከራከሪያ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩ። አለቃዬ ልክ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀላል ይሁን ያልነው ሁላችንም ነን። ደግሞ ልክ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ከሁለቱ ስሞች አንዱን ለማጥፋት ጣቴን ባነሳሁ ቁጥር አንድ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ዝርዝሩን ሰረዝኩ፤ ከስሞቹም አንዱን አጠፋሁ። የትኛውን እንዳጠፋሁ እዚህ አልጽፍም። ላክሁት፤ ተቀበሉት። ጭሮ ቀረሁ።

ምሳ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገና ፊቱን አበሰ። ደስታው የልጅ ነበር፤ የኔም ደስታ እውነተኛ ነበር።

«ባሱ ሄደ ማለት ነው?»

«ሄደ አባ።»

«በየትኛው ስም ጠራችሁ?»

እንጀራውን ቆረስኩ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«በሁለቱም» አልኩት።

«ማሻ አላህ» አለ። «እንግዲያስ የቀረ ሰው የለም።»