ከሎሚ በኋላ ግማሽ ሰዓት

«አንቺ ሎሚ የማትጨምቂበት ነገር ቢኖር የታክሲ ወንበር ብቻ ነው» ትለኛለች እህቴ። ታጋንናለች፤ ግን ብዙም አይደለም። በዚያ ዓመት ጾሙ ከገባ ጀምሮ ሰላጣዬ ላይ ሎሚ፣ ሱፍ ፍትፍቴ ላይ ሎሚ፣ ካዛንቺስ ከመሥሪያ ቤቴ ሥር ካለው ጁስ ቤት የምጠጣው አቮካዶ ላይ ሎሚ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለድምፄ ብዬ የዝንጅብል ሻይ እጠጣ ነበር። እሱም በሎሚ።

ድምፄ ያሳሰበኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት ጎልማሳ ሆኜ በማታ ቀጥዬ፣ ከሽበት ጋር እኩል የመጀመሪያ ዲግሪ ደጃፍ ላይ ደርሼ ነበር። የቀረኝ ግንቦት ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ቆሜ ማስረዳት ነው። በጽሑፍ ከሆነ ማንንም አልፈራም። አፍ ከፍቶ መናገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ለሌላ ሰው የተውኩት ሥራ ነው። ርዕሴ እንኳ በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ዝምታ ስላለው ቦታ ነበር። እህቴ ሜክሲኮ መጋረጃ ትሸጣለች፤ በአፏ የምታድር ሰው ናት። ርዕሱን ስነግራት፣ «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል እትዬ? ገብተሽ ዝም ብለሽ ቆመሽ ትወጫለሽ፣ በቃ!» አለችኝ።

ያለችው ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። አንድ ጠዋት በቧንቧ ውሃ ስጉመጠመጥ ከላይኛው ጥርሴ የተነሳ ነገር እስከ ዓይኔ ድረስ ነዘረኝ። ሎሚ ሲያጠርስ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ትንሽ ቆይቶ በውሃ ብቻ ሳይሆን በነፋስም ይነዝረኝ ጀመር። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ተውኩ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝን ሁሉ በአንገቴ ብቻ እመልስ ጀመር። ቢሮ ውስጥ አንዷ ባልደረባዬ፣ «ምነው፣ ሱባኤ ገባሽ እንዴ?» አለችኝ። ከንፈሬን ገጥሜ «እምም» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሱባኤዬን እንዳታፈርስብኝ ብላ እሷም አታናግረኝም።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ይህን ተረት በጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍ በሰፊው ተንትኜዋለሁ። ብርድም እንደማይገባ ግን ያኔ አላወቅሁም ነበር።

እህቴ ቅርንፉድ ንከሺበት አለችኝ። ነከስኩበት። አፌ ወጥ ወጥ ሸተተ እንጂ ሕመሙ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እኔ በበኩሌ ነገሩ የንጽሕና ጉድለት ነው ብዬ ደመደምኩ። መፋቂያ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጥርስ ጠራ የሚባለው በጣት ሲነኩት ሲጢጥ ሲል ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ከሱቅ ከሁሉም የጠነከረውን የጥርስ ብሩሽ ገዛሁ። ሎሚ እንደሚያጠርስ አውቃለሁና አንድ ደቂቃ እንኳ አፌ ውስጥ እንዳያድር ሻዬን ጨርሼ ወዲያው፣ ሰላጣዬን በልቼ ወዲያው፣ ጁሱን ጠጥቼ ወዲያው ወደ ብሩሼ እሮጣለሁ። ሌላ ብሩሽ ጨምሬ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ባመመኝ ቁጥር ጠንከር አድርጌ ፈተግሁ። በፈተግሁ ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ።

ፈተናው ሲቃረብ ቂርቆስ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አፌን አየች፣ በቀጭን ቱቦ አየር እፍ አለችበት፤ እኔም ወንበሩ ላይ ተነስቼ ቆምኩ።

«አልተቦረቦረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «እንዴት እንደሚቦርሹ እስቲ ያሳዩኝ።» ብሩሽና የፕላስቲክ መንጋጋ ሰጠችኝ።

አሳየኋት። መንጋጋው ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«እናቴ» አለች ጎንበስ ብላ እያነሳችው፣ «እንዲህማ ድስትም አይፈገፈግም! ሎሚ ይወዳሉ?»

ተናዘዝኩ። ወዲያው ወዲያው እንደምቦርሽም በኩራት ነገርኳት። ራሷን ያዘች።

«ማለቴ… ሎሚው የጥርስዎን የላይኛውን ሽፋን፣ ኢናሜል የምንለውን፣ ማዕድኑን እየወሰደ ያለሰልሰዋል። ምራቅ ቀስ ብሎ ይመልስልዎ ነበር። እርስዎ ግን ምራቅ ሥራ ሳይጀምር፣ ገና እንደለሰለሰ ፈትገው ያነሱታል። ሎሚው ብቻውን እንዲህ አይጎዳዎትም ነበር።»

ከሎሚ በኋላ በውሃ ብቻ መጉመጥመጥ፣ ግማሽ ሰዓት መቆየት፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ በለስላሳ እጅ። ለሚነዝር ጥርስ የሚሆን የጥርስ ሳሙናም አዘዘችልኝ፤ ግን ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል አለች። ፈተናዬ እስከዚያ እንደማይጠብቀኝ ስነግራት፣ «ቀዝቃዛ አየር ካለ ይዘጋልኝ ይበሉ፣ በቃ» አለችኝ።

ይዘጋልኝ! በሕይወቴ አንድ ነገር ይዘጋልኝ ብዬ አላውቅም። በሚያፈስ ታክሲ ውስጥ ዣንጥላ ዘርግቼ የሄድኩ ሰው ነኝ።

በፈተናው ቀን ጥርሴ ትንሽ ተሽሎት ነበር፤ ከፈታኞቹ ፊት ስቆም ግን ኤሲው ልክ ከራሴ በላይ እንደሆነ አየሁ። የታኅሣሥ ውርጭ የመሰለ አየር ቀጥ ብሎ አፌ ላይ ይወርዳል። ሦስቱ ፈታኞች በሙሉ ልብስና በከረባት ተቀምጠዋል።

«ይቀጥሉ» አለኝ መሐል ያለው።

አፌን ከፈትኩ። ነዘረኝ። ዘጋሁት።

«እየጠበቅንዎት ነው።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። በስተግራ ያለው ፈታኝ ፈገግ ብሎ፣ «ርዕሱን በተግባር እያሳዩን ይሆን?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ያን ሁሉ ዓመት የማታ ትምህርት ለዚህ ሳቅ ነበር እንዴ የደከምኩት?

«ኤሲው ይዘጋልኝ!» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ተዘጋ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ከላዩ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ግንቦት ደግሞ ግንቦት ነው። እኔ ተናገርኩ። ተረቱን ከነትርጓሜው፣ ዝምታን ከነዓይነቱ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ከረባቶች ላሉ። ሦስተኛው ላይ ኮቶች ወለቁ፤ የእኔው ጽሑፍ ማራገቢያ ሆነ። ሰዓትዎ አልቋል ቢሉኝም፣ «አንድ ነጥብ ይቀረኛል» ብዬ ቀጠልኩ። በመጨረሻ መሐል ያለው ፈታኝ ግንባሩን እየጠረገ ወደ ሁለቱ ዞረ። «ጥያቄ አላችሁ?» ሁለቱም የሚያዩት በሩን ነበር።

አለፍኩ። «በጣም ጥሩ» ብለውኛል፤ ምን ያህሉ የጽሑፌ፣ ምን ያህሉ የሙቀቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

እህቴ ደጅ ዓሣና ሰላጣ ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር። እልልታዋን አቅልጣ እዚያው ደረጃው ላይ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ጉርሻ አይመለስም። ሁለተኛውንም ደገመችኝ።

«ሎሚ አለበት?» አልኩ ከዋጥኩ በኋላ።

«ያለ ሎሚ መቼ በልተሽ ታውቂያለሽ?»

እጄ በልማዱ ቦርሳዬ ውስጥ ወዳለው ብሩሽ ሄደ። ቀጥ አድርጋ ያዘችኝ። «ግማሽ ሰዓት ተብለሻል!» አፌን በውሃ ተጉመጠመጥኩና አብረን ተቀመጥን። ጊዜው እንዲያልፍ ብዬ ለፈታኞቹ ሳልነግራቸው የተረፈኝን ሌላ አንድ ነጥብ ጀመርኩላት። ከእሱ ሌላ ነጥብ ተወለደ።

እህቴ፣ ያቺ በአፏ የምታድረዋ፣ መጀመሪያ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ቀጥሎ አዛጋች፤ በመጨረሻ ቦርሳዬን ከፍታ ብሩሹን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«እትዬ፣ ግማሽ ሰዓቱ ካለፈ ቆየ። በሞቴ፣ አሁን ቦርሺ።»