የሰማይቱ ምጥ

ፔንዱዋ ሠዓሊ ነበር፤ ያውም የፈርዖን መቃብር ሠዓሊ። የተወለደው ከአባይ ወዲያ ማዶ በምዕራብ፣ ከተራራው ሥር በታጠረችው የሠራተኞች መንደር ነው። አባቱም አያቱም እዚያው ተወልደው፣ ነገሥታት የሚቀበሩበትን ሸለቆ ሲፈለፍሉና ሲቀቡ ኖረው፣ እዚያው ሞተዋል። ሰውዬው በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ከአፉ የግራር ሙጫ አይጠፋም፤ ቀለም የሚያጣብቅበትን ያንኑ ሙጫ ቀኑን ሙሉ ሲያላምጥ ይውላል። ሚስቱ ወብኸት፣ የመንደሩ አዋላጅ፣ “ፍየል እንኳ አንዳንዴ አፏን ታሳርፋለች” ትለዋለች። ሁለተኛ፣ አንድም ሥራ ጨርሶ አያውቅም።

ለዚህ ግን ጥፋቱ የነገሥታቱ እንጂ የእሱ አልነበረም። ሦስት ፈርዖን አገልግሎ ሦስቱም ሥራው ሳያልቅ ሞቱበት። ንጉሥ ከሞተ ደግሞ ሬሳው በጨው ደርቆ፣ በተልባ እግር ጨርቅ ተጠቅልሎ እስኪቀበር ድረስ ያለው ጊዜ ሰባ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይታተማል፣ ማንም አይገባም። በመጀመሪያው መቃብር አንድ አዳራሽ ሙሉ አማልክት በባዶ መስመር ቀሩበት። በሁለተኛው አንድ አዞ ያለ ጅራት ተቀበረ። ሦስተኛው ባይነሳ ይሻላል። መንደሩ ውስጥ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ የወጣ ሰው ካለ፣ “ፔንዱዋ ነው እንዴ የላጨህ?” ይባላል። ሰውዬው አብሮ ይስቅ ነበር፤ ቤቱ ሲገባ ግን አይስቅም። ዕድሜው ሃምሳን ተጠግቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ ጨርሶ መሞት ይፈልግ ነበር።

አራተኛው ንጉሥ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረ። የሬሳው ሣጥን ከሚያርፍበት ክፍል በላይ ያለውን ጣሪያ ለፔንዱዋ ሰጡት፤ እሱም ኑትን፣ በሴት አምሳል የምትሳለውን ሰማይቱን፣ ከጥግ እስከ ጥግ ዘረጋት። ኑት ማታ ማታ ፀሐይን ትውጣታለች፤ ፀሐይዋ ሌሊቱን በሆዷ ውስጥ ትጓዛለች፤ ማለዳ ላይ መልሳ ትወልዳታለች። የሞተ ንጉሥም ከፀሐይ ጋር ገብቶ ከፀሐይ ጋር ይወለዳል። ሰማይቱ ካልወለደች ግን ንጉሡ እዚያው ጨለማ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ቀን የመንደሩ ጥበቃ ከወንዙ በኩል እየሮጠ መጣና “ጭልፊቱ ወደ ሰማይ በረረ” አለ። ንጉሡ ሞተ ማለቱ ነው። ወንዶቹ ጢማቸውን መላጨት ተዉ፤ ሴቶቹ አቧራ ራሳቸው ላይ በተኑ። ታዲያ ጨካኞች ናቸው አትበሉ እንጂ፣ መንደሩ በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ በሌላው ይስቅ ነበር። አዲስ ንጉሥ ማለት አዲስ መቃብር፣ አዲስ መቃብር ማለት እንጀራ ነዋ። ሽማግሌዎቹ እንኳ በየአጥሩ ሥር ጠላቸውን ይዘው ጉልበታቸውን ያፍታቱ ጀመር።

ፔንዱዋ ግን ለመጠጥ ጊዜ አልነበረውም። ጉድጓድ ውስጥ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ ሰዓቱ የሚታወቀው በክር ነው። ጭሱ ጣሪያውን እንዳያጠቁር ዘይትና ጨው የጠጣ የመብራት ክር ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ነዶ ሲያልቅ ምሳ፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ወደ ቤት። እንዲህ ክር በክር እየቆጠረ ከዋክብቱን ዘራ፣ የሰማይቱን ገላ ቢጫ አለበሰ፣ አፏ ላይ የማታዋን ፀሐይ ቀይ አድርጎ አኖረ። በስልሳ ስምንተኛው ቀን አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፤ ከጭኖቿ መሃል የምትወጣው የማለዳዋ ፀሐይ። ክቧን ካሰመረ ቆይቷል፤ ልጅ ከምሳው ጣፋጩን ለመጨረሻ እንደሚያስቀር፣ መቀባቷን ሆን ብሎ አስቀርቷት ነበር። ብሩሹን ሊያነሳ ሲል ክሩ ጠፋ። “ነገ በጠዋት” አለ።

በማግሥቱ የሠራተኞቹ አለቃ ቃሃ መወጣጫ እንጨቱን አስፈታ፣ የቀለሙን ማሰሮ ሁሉ ሰብስቦ ወንዝ ማዶ ወዳለው ግምጃ ቤት ላከ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፔንዱዋ ምን ያደርጋል? ይጠርጋል፣ ይሸከማል፣ ይዘፍናል። ደስታው ልቡን አሰክሮት፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየያዘ “ጨረስኩ እኮ!” ይል ነበር።

በቀብሩ ማለዳ ወብኸት ነጩን ሻሽ ግንባሩ ላይ ስታስርለት፣ እንደ አዋላጅነቷ ጠየቀችው።

“የሰማይቱን ልጅ ምን አስመሰልካት? ደማቅ አደረግኻት?”

ፔንዱዋ ማላመጡን አቆመ። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ይህን አይታ ስለማታውቅ ወብኸት ደነገጠች።

“አልቀባኋትም” አላት። “ወብኸት፣ ረስቻታለሁ።”

“አንተ ሰውዬ! ሴቲቱን ምጥ ላይ ጥለሃት መጣህ? ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ሩጥ!”

የተራራውን አቀበት እንዴት እንደወጣው እሱም አያውቅም። ሸለቆው ሲደርስ በሬዎቹ ሣጥኑን የጫነውን ሸርተቴ ጎትተው አድርሰዋል፤ ካህኑ በመቃብሩ ደጅ የንጉሡን አፍ በመሣሪያው ነክቶ፣ እንዲበላና እንዲናገር ከፍቶለታል። ፔንዱዋ አለቃ ቃሃን ክንዱን ይዞ ነገረው። ቃሃ ጢሙን ነጨ። ቀለሙ ወንዝ ማዶ ነው፣ ሄዶ ለመምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ በሩ ደግሞ አሁን ሊታተም ነው።

በዚህ መሃል ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ካህናቱ የንጉሡን ጠላቶች እያሰቡ ቀያዮቹን ማሰሮዎች መሬት ላይ መሰባበር ጀመሩ፤ የቀብር ደንብ ነው። አንድ ቀይ ስባሪ ተንከባሎ ፔንዱዋ እግር ሥር መጣ። ሰውዬው አየው፣ አየው፣ ከዚያ አነሳው።

“ጣለው!” አለ ቃሃ። “የጠላት ስባሪ ነው። እሱን ይዘህ ንጉሡ ክፍል ልትገባ ነው?”

“ጠላቱን ፈጭቼ ፀሐይ ላደርገው ነው፣ አለቃዬ። ከዚህ በላይ ቅጣት አለ?”

ቃሃ በዓይኑ ወደ በሩ አመለከተው። ከዚያ ሸክም ካነሱት ሰዎች ጋር ተደባልቀው ወረዱ። ፔንዱዋ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ስባሪውን በድንጋይ ደቆሰው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጉንጩ ውስጥ የያዘውን የሟሟ ሙጫ መዳፉ ላይ ተፍቶ ከዱቄቱ ጋር አሸው። ቀላ። እንዴት ያለ ቀለም! ከግምጃ ቤቱ ቀለም ይበልጥ የሞቀ።

ጣሪያው ግን ሩቅ ነው፤ መወጣጫም የለም። ቃሃ፣ ያ ኩሩ ሰው፣ ለቀብሩ በመጡት ሹማምንት ፊት ጎንበስ አለ።

“ውጣ” አለው። “ከዛሬ በኋላ ይህን የሚያነሳ ሰው ግን አልምረውም።”

ፔንዱዋ አለቃው ትከሻ ላይ ቆመ። ብሩሽ የለውም፤ በመዳፉ ክቡን ሞላው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ አስተካከለ። ከበታቹ የንጉሡን ሣጥን ወደ ድንጋዩ ማረፊያ እያወረዱት ነበር። ክዳኑ ሲገጥም ፀሐይዋም ሞላች፤ እርጥብ እንደሆነች ታበራለች፣ ልክ አሁን እንደተወለደች። ፔንዱዋ እዚያው ላይ ሆኖ እንደ ልጅ ሳቀ፤ እንባውም ቃሃ ራስ ላይ ወረደ። የእግር ዱካ የሚጠርገው የመጨረሻው ካህን መጥረጊያውን ይዞ ገባና ሁለቱን ሰዎች አየ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። እስኪወርዱ ጠበቃቸው፣ ከዚያ ዱካቸውን እየጠረገ ተከትሏቸው ወጣ።

በሩ ተለስኖ ታተመ። ወብኸት ከመንደሩ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ፔንዱዋ ቀርቦ መዳፉን ዘረጋላት። እስከ አንጓው ድረስ ቀይ ነው።

“ተገላገለች?” አለችው።

“ተገላገለች።”

ወብኸት ሕፃን በተቀበለች ቁጥር እንደምታደርገው አንገቷን ቀና አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶቹ ለአዲሱ ንጉሥ መስሏቸው ተቀበሏት፤ መንደሩ በሙሉ እልል አለ። እሷም አላረመቻቸውም።