የተገለበጠው የኦራል አክስል

ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ከስሜ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ያቆምኩትም ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ስለሚተሳሰር፣ የአባታችን መኪና እንዴት እንደጠፋች በወረቀት ልናገር።

አባታችን ሲሞት ለእህቴና ለእኔ አንድ አሮጌ ጂፕ ትቶልን ነበር። ከሐሮ ወንጪ ድንች ጭኖ አምቦ የሚያወርድባት፣ በክረምት ጭቃም ቀስ ብላ የምትወጣ ደህና መኪና ነበረች። እህቴ ሹፌር ቀጥራ ያንኑ ሥራ ቀጠለች። ቀጥላ መካኒክ አገባች።

መካኒክ የምለው እሱ ራሱን እንዲያ ስለሚጠራ ነው። ቁልፍ ከመያዝ ይልቅ ስለ ቁልፍ ማውራት ይወዳል። ግቢያችን ውስጥ ሁልጊዜ አራት አምስት ወንድ ተቀምጦ ያዳምጠዋል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ግን አላየሁም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የወታደር ካሚዮኖች በየሜዳው ዝገው ቀርተው ነበር፤ ነጋዴዎች እየቆራረጡ ይሸጧቸዋል። አንድ ቀን እሱ ኦራል ከሚባለው የወታደር ካሚዮን የወጡ ሁለት አክስሎች አስጭኖ መጣ። አክስል ግራና ቀኙን ጎማ የሚያገናኘው፣ መሃሉ እንደ ድስት ያበጠ ከባድ ብረት ነው። የጂፓችንን አውጥቶ እነዚህን ሊተክል ነው። ያኔ መኪናዋ ገደል ትወጣለች፣ ወንዝ ታቋርጣለች፣ ቱሪስት ጭና ወንጪ ሐይቅ ድረስ ትወርዳለች አለ። እህቴ ድንቹስ ብትለው ሳቀባት።

ወሬው ተሰምቶ ከጊንጪም ከጉደርም ወንዶች መጡ። አክስሉን በቁልፍ መታ መታ ያደርጉና ድምፁን ያዳምጣሉ። «የወታደር ዕቃ» ይላሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ያ ወታደር ተሸንፎ፣ ካሚዮኑን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄዱን ያነሳ የለም። በናፍጣ እንዳጥበው ሲሰጠኝ አረንጓዴው ቀለም እንዳይለቅ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ቀለሙ ከለቀቀ የወታደር መሆኑን ማን ያምናል? የውስጡ ዝገት ግን ግድ አልሰጠውም። የድሮዎቹን አክስሎች በዚያው ሳምንት ለአሮጌ ብረት ገዢ ሰጣቸው።

የኋላውን አክስል ሲገጥም አራት ሰው አሰልፎ ገለበጠው፤ ላዩ ታች ሆነ። ከሞተር የሚመጣው ሻፍት የሚገባበት አፍ ከፍ ካለ ድንጋይ አይነካውም ብሎ ነው። ዘይት መሙያው ወደ መሬት ዞሮ ያንጠባጥብ ጀመር። እኔን ሥሩ ጣሳ አስቀምጪ አለኝ፤ ለሰዎቹ ደግሞ ይህን ዘዴ ማንም እንዳላሰበው አወራላቸው። ማንም ያላሰበበት ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አልታየውም።

መኪናዋ በግንድ ላይ እንደተሰቀለች፣ ሻፍቱ ሳይገጠም፣ ግራሶ እየቀባሁ የፊተኛውን አክስል አፍ በእጄ አዞርኩት። ጎማው ወደፊት ዞረ። የኋላውን በዚያው አቅጣጫ ባዞረው ጎማው ወደኋላ ዞረ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ጎማዎቹ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ደገምኩት። ያው ነው። አክስሉ ሲገለበጥ አዟዟሩም አብሮት ተገልብጧል።

ሰኞ ዕለት ነበር። «ጋሼ፣ የኋላው ጎማ...» አልኩት። ሰዎቹ ፊት ነው።

«አንቺ ናፍጣሽን ጠብቂ፣ የጎማውን ነገር ለኛ ተይው» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ ወደ ናፍጣው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ነበረኝ። እጁን ሳስታጥበው፣ እራት ሳቀርብለት ልነግረው እችል ነበር። ለእህቴም እንዲሁ። አፍሬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው። ሲያኝክ እያየሁ እንቀው ነበር። በሰው ፊት ሲዋረድ ማየት ፈለግሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በካሚዮን አስጎትቶ ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ አወጣት። የበሬ እግር የተተከለባት በግ ትመስላለች። ወንዶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ፎቶ አንሺም ተጠርቷል። እሱ አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ እንዲጎትት አድርጌ ነው የማስነሳት አለና ማርሽ አስገባ።

ፊቷ ወደፊት፣ ጀርባዋ ወደኋላ ጎተተ። እዚያው ቆማ እንደታሰረ ወይፈን ትዘል ጀመር። ወርዶ ማየት ሲገባው ነዳጁን ረገጠ። ወንዶቹም ጨምርላት፣ ጨምርላት ይሉታል። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሸተተ፤ ወዲያው ከሥሯ አንድ ነገር ጮኸና ዘይት ፈሰሰ። የተሰበረው ኦራሉ አይደለም። የአባታችን መኪና ካምቢዮ፣ ማርሾቹን የያዘው ሳጥን፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለእንደዚያ ያለ አሮጌ ጂፕ ሌላ ካምቢዮ ከየትም እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለን።

ድሮ ወታደር ቤት ኦራል ይነዱ የነበሩ፣ ኦቦ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና ይሄን ማን ገለበጠው ብለው ጠየቁ። የእህቴ ባል ዞር ብሎ አየኝ።

«እሷ ናት ያጠበችው። ስታጥብ አገላብጣው ይሆናል» አለ።

ኦቦ ወደ እኔ መጡ። «እስቲ ልጄ፣ ክንድሽን አሳዪኝ» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። ከሰኞ ጀምሮ እንደማውቅ፣ የጠመኔው ምልክት አሁንም ጎማው ላይ እንዳለ፣ ልነግረው ስል በናፍጣ እንዳሾፈብኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። እሱ አንገቱን ደፋ። የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር፤ ደስም አለኝ።

እህቴ ግን አልሳቀችም። ዘይቱ ላይ ተንበርክካ የተሰነጠቀውን ካምቢዮ በእጇ ትዳስስ ነበር። ሰዉ ሲበተን እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች። በወሩ ከባሏ ጋር ወደ ጊንጪ ሄደች፤ ሳትሰናበተኝ። እሱን ዛሬም እንቀዋለሁ። ከእሷ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ግን ያን ቀን ሜዳው ላይ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ያለችኝ ነው።

«እሱስ አያውቅም። አንቺ እያወቅሽ ነው ያስሰበርሻት።»